ማይክ ስይዝ ሌላ ሰው እሆናለሁ፣ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ስለ ክፍላችን ሥራ 10 ደቂቃ እንድናገር ተመድቤያለሁ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳወራ ሰው ይስቃል፣ ያዳምጠኛል። ማይክ ስይዝ ግን ዜና አንባቢ እሆናለሁ፤ «ከዚህም ባሻገር»፣ «ከግምት ውስጥ በማስገባት» ምናምን። ዩቲዩብ ላይ አነቃቂ ተናጋሪዎችን እያየሁ ስለማመድ ጭራሽ ባሰብኝ። እንዴት ነው እንደ ራሴ የምናገረው?

አስተማሪዋ፦ ጽሑፉ ነው የሚያስርህ። መጀመሪያ ምንም ሳትጽፍ ለጓደኛህ እንደምታወራው አውራና ስልክህ ላይ ቅዳው። ከዚያ እያዳመጥክ ያልከውን ራሱን ጻፍ፤ «ሥራው ተጓተተብን» ካልክ «መዘግየት ተስተውሏል» ብለህ እንዳታሳምረው። ስትገባ ብጣሽ ወረቀት ላይ ዋና ዋና ነጥቦቹን ብቻ ያዝ። የመክፈቻህን ዓረፍተ ነገር ግን በቃልህ አጥናው፣ ፍርሃት የሚበረታው እዚያ ላይ ነው።

የሰፈር ሽማግሌ፦ ወረቀት ሁሉ ጠላት አይደለም ልጄ። ጃንሆይ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት ከወረቀት እያነበቡ ነው። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይችሉ ነበር፣ ግን በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲረብሹ አልጮኹም፣ እስኪወጡ ጠብቀው ቀጠሉ። የረጋ ሰው ቢያነብም ይሰማል።

ማይክ አይፈሬ፦ «ራስህን ሁን» የሚሉህን በከፊል ስማ። የሻይ ቤት ወሬ እኮ ኋላ ወንበር ድረስ አይደርስም። ቋንቋህ ያው ይሁን፣ ፍጥነትህን ግን ቀንስ፣ ማይኩን ደረትህ ላይ አታውርደው፣ አፍህ ጋ ያዘው። ቀልድ ከመጣልህ ጣል አድርግ፤ ካልመጣ ተወው፣ ተገዶ የሚወጣ ቀልድ ያሳፍራል።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ቀድቼ አዳመጥኩት፣ በየመሀሉ «ማለት ነው» እላለሁ ለካ! ደግሞ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምን ላድርግ?

አስተማሪዋ፦ ስላይዱን አታንብብላቸው፣ ማንበብ ይችላሉ። አንዱን ቁጥር አንሣና ምን እንደተፈጠረ በአማርኛ ንገራቸው። «ሪፖርት»፣ «ባጀት» የምትል ከሆነ እንደለመድከው በል፣ ማንም አይታዘብህም። «ማለት ነው» ሊያመልጥህ ሲል አፍህን ዝጋና ተንፍስ። ላንተ ረጅም የሚመስልህን ዝምታ ሰው ልብ እንኳ አይለውም።

ማይክ አይፈሬ፦ ሰዓትም ያዝ። 10 ደቂቃ ተብለህ 20 ካወራህ ምንም ብታምር ምሳ ሰዓታቸውን የበላህ ሰውዬ ነህ።