ትንሿ የብረት ባንድ ሶው ጠማማ ትቆርጣለች፤ የቤት ውስጥ ብረት ሥራ ለመጀመር ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ አጂፕ ሰፈር፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል የብረት ሥራ ቤት ላደርጋት ነው። 3 በ4 ሜትር ናት፤ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደርና ትራፓኖ አለኝ። አሁን ያገለገለች ትንሽ ባንድ ሶው (እንደ ቀለበት በሚዞር ባለ ጥርስ ምላጭ ብረት የምትቆርጥ ማሽን) ገዛሁ። ብረቱን ሞርሳ ይይዘዋል፣ ክንዷ በራሱ ክብደት እየወረደ ይቆርጣል። የምሠራው በርና መስኮት፣ በወቅቱ ደግሞ የቡና ማድረቂያ አልጋ እግር ነው።

60 በ60 ሚሊ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ስቆርጥ ከላይ ልክ ይጀምርና ታች ሲደርስ 3 ሚሊ ይሸሻል። ምላጩ በዞረ ቁጥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ አለ። ማታ ማታ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ ቶሎ አይነሳም። ሰፈር ያሉ እንጨት ቤቶች «ምላጩን አጥብቀው» አሉኝ፤ አጠበቅኩት፣ ብዙም ለውጥ የለም። ክፍሏ ጥግ ላይ የእናቴ ቡና በጆንያ ተቀምጧል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ብየዳ ቤት፣ መርካቶ

ወንድሜ፣ ማጥበቁን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ጠማማነቱን ለይ። ሁለት ዓይነት ነው። ቁራጩን ከፊት ወደ ኋላ በስኳድራ (በ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ስትለካው ከጠመመ ጥፋቱ የሞርሳው ነው፤ የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ አልቆመም ማለት ነው። ቡሎኑን ላላ አድርገህ፣ በስኳድራ አስተካክለህ ታጠብቃለህ፣ አለቀ። ያንተ ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚሸሸው። ይሄ ምላጩን ቀጥ አድርገው የሚይዙት መሪዎች ጉዳይ ነው።

ሶኬቱን ንቀል። ክንዱን አጋማሽ ላይ አቁመውና ስኳድራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ከምላጩ ጎን ጋር አስጠጋው። ጥርሱ ላይ እንዳታሳርፈው፤ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ስለተከፈቱ ያሳስቱሃል፣ ከጥርሱ በላይ ያለውን ለስላሳውን ጎን ነው የምትለካው። በሁለቱም መሪዎች አጠገብ ለካ። ብርሃን ካሳለፈ ምላጩ ተጋድሟል።

ምላጩን ከግራና ቀኝ የያዙት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ናቸው። ከሁለቱ የአንዱ ቡሎን እምብርቱ ወደ ጎን የወጣ ነው፤ ስታዞረው ኩሽኔታው ወደ ምላጩ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ልኩ ይሄ ነው፦ ምላጩን በእጅህ ስታስኬደው ኩሽኔታው አብሮ መዞር አለበት፣ በጣት ስትይዘው ግን መቆም አለበት። ከጀርባ ያለው ደግሞ ምላጩ ባዶውን ሲሄድ ባይነካው ጥሩ ነው፤ ስትቆርጥ ብቻ ይደገፈዋል። የማይዞር ወይም የሚንገጫገጭ ኩሽኔታ ካለ ቀይረው። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ እሱን ይዘህ መለዋወጫ ሱቅ ሂድ።

መሪዎቹን የያዙትን ሁለቱን እጆች ቱቦላሬው ድረስ አስጠጋቸው። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳል። በመሪዎቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ካለ የፈለግከውን ያህል ብትወጥረውም ምላጩ ይለመጣል።

ስለ «ቀጭታው»፦ የምላጩን መጋጠሚያ በጣትህ ቀስ ብለህ ዳብሰው። የተበየደበት ቦታ ካበጠ በመሪው ባለፈ ቁጥር ይመታዋል። በሞረድ ከጎኑ እኩል አድርገው።

መልስ፦ የቴክኒክ መምህር

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። መሪዎቹን ከመንካትህ በፊት ምላጩ በሚዞርባቸው ትልልቅ መዘውሮች (ጎማዎች) ላይ የት እንደሚሄድ ተመልከት። ጀርባው ወደ መዘውሩ ከንፈር ተጠግቶ መሄድ አለበት፣ ግን እየፋቀው አይደለም። ከሥሩ ቀጫጭን የብረት ፍቅፋቂ ካገኘህ እየበላው ነው። የላይኛው መዘውር ማጋደያ ቡሎን አለው፤ ትንሽ ታዞራለህ፣ ምላጩን በእጅ ታዞራለህ፣ ታያለህ። ይሄ ሳይስተካከል መሪ ብታስተካክል መልሶ ይበላሻል።

ሁለተኛው የጥርስ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ትንንሽ ማሽኖች በብዛት የሚገባው ምላጭ 1638 ሚሊ ርዝመት፣ ግማሽ ኢንች ስፋት አለው። ከመግዛትህ በፊት ግን የራስህን ለካ። ደንቡ ቢያንስ 3 ጥርስ ብረቱ ውስጥ ይሁን ይላል። ባለ 14 ጥርስ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ነው፤ የቱቦላሬው ግድግዳ 2 ሚሊ ውፍረት ካለው ሁለት ጥርስ እንኳ አይገባበትም። የቱቦላሬውን ላይኛ ፊት ጨርሶ ወደ ጎኖቹ ሲወርድ ጥርሱ ይነክሳል፣ ይሰበራል። ለእንዲህ ያለ ስስ ብረት ባለ 24 ይሻላል። እሱም ሦስት ጥርስ አይሞላም፣ ስለዚህ ክንዱ ምላጩን የሚጫንበትን ክብደት አቅልለው። ለወፍራም ብረት ወደ 14 ተመለስ። ከቻልክ ቢሜታል (ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ምላጭ) ግዛ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ሙቀት ይችላል። አንጎላሬ (የL ቅርፅ ያለው ብረት) ስትቆርጥ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገህ እንደ ድንኳን አስቀምጠው፤ ጥርሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ብረት ያገኛል።

እንጨት ቤቶቹ በሙያቸው ጎበዞች ናቸው፤ የጅማ እንጨት ሥራ የታወቀ ነው። የነሱ ማሽን ግን በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። የብረቷ በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ሜትር አካባቢ ነው የምትሄደው። ቺንጋውን ለተራ ብረት መካከለኛ ፍጥነት በሚሰጠው ፑሌጃ (የቺንጋ ጎማ) ላይ፣ ለስቴንለስ ዝቅተኛ ፍጥነት በሚሰጠው ላይ አድርገው።

መልስ፦ ኤሌክትሪሽያን፣ ሂርማታ

የማታው ማጉረምረም የቮልቴጅ ማነስ ይመስለኛል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ይለኩሳል። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኩረንት ይስባል፤ መስመሩ ቀጭን ከሆነ ያኔ ይወድቃል። ከብሬከሩ ቀጥታ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ለብቻው ሳብለት። በቀጭን ኤክስቴንሽን አታስነሳው፤ የተጠቀለለ ከሆነማ ይግላል። የብየዳ ማሽኑ በሌላ መስመር ይሁን። ካልተነሳ ቶሎ አጥፋው፣ እያጉረመረመ ከቆየ ሞተሩ ይቃጠላል። ቀንም እንዲህ ካደረገ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘውን ካፓሲተር አስፈትሽ። መሬት ሽቦውን ደግሞ በፍጹም እንዳትተው። ክረምት ላይ እርጥብ ጫማ አድርገህ የብረት ማሽን ነው የምትነካው።

መልስ፦ የቡና ነጋዴ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔ ስለ ማሽን አላውቅም፤ ስለ ጆንያው ግን ልናገር። ቡናውን ዛሬውኑ አውጡት። ጥሬ ቡና ሽታ ይጠጣል። የዘይትና የብየዳ ጭስ የገባበት ቡና ሲቀመስ ይታወቃል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ከዚያ የሚብሰው እሳቱ ነው። የግራይንደር ፍንጣሪ ሩቅ ይሄዳል፤ ጆንያ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ጨሶ ቆይቶ ነው እሳቱ የሚነሳው። 10 ሜትር ዙሪያ የሚቀጣጠል ነገር አይኑር፣ ሥራ ስትጨርስም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆይ። እናትህ የደከሙበት ነው።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናው ወጥቷል፣ እናቴም መርቃችኋለች። የፊተኛው መሪ አንዱ ኩሽኔታ ጭራሽ አይዞርም ነበር። ቀይሬው በስኳድራ አስተካከልኩት፤ አሁን ከላይ ወደ ታች ግማሽ ሚሊ ቢሸሽ ነው። «ቀጭታውም» በሞረድ ጠፋ። መምህር፣ ባለ 24 ቢሜታል አግኝቻለሁ። ክንዱን ምን ያህል ላክብደው? ውኃስ ላፍስበት ይላሉ?

መልስ፦ የቴክኒክ መምህር

ጎበዝ! ቤታችሁ የቡና ማንጠልጠያ ሚዛን አይጠፋም። ማሽኑ ጠፍቶ የክንዱን ጫፍ በሚዛኑ ወደ ላይ ሳበው። ለስስ ቱቦላሬ 3 ኪሎ አካባቢ ቢያሳይ ይበቃል፤ ከከበደ የኋላውን ሞላ ወጥረው። አዲሱን ምላጭ መጀመሪያ ላይ በግማሽ ክብደት አሠራው፣ የጥርሱ ጫፍ ሳይሰበር እንዲገራ።

ውኃ ተው። የጅማ እርጥበት ብቻውን ጠረጴዛውን ያዝገዋል። ለስስ ብረት ደረቁን ይበቃል፤ ለወፍራሙ በብሩሽ ትንሽ ዘይት ቀባ። ማታ ጠረጴዛውንና ሞርሳውን በዘይት ጨርቅ ወልውል፣ የምላጩንም ውጥረት አላላው።

መልስ፦ ብየዳ ቤት፣ መርካቶ

ምላጭ ስትቀይር ጓንት አድርግ፤ የተጠቀለለው ሲፈታ ይፈናጠራል። ማሽኑ ሲዞር ግን ጓንት አውልቅ፣ ይስብሃል። መነጽር ሁልጊዜ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ የምትበይድ ከሆነ በርና መስኮቱን ክፈት ወይም ደጅ አውጣው። ወተት መጠጣት ጭሱን አያስወጣም፤ ዚንኩን ከምትበይድበት ቦታ አስቀድመህ ፍቀው።