ለአሮጌ ኮምፒውተር የትኛው ሊኑክስ ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። ሁለቱ 1 ጊጋባይት፣ የቀሩት 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) አላቸው። ዊንዶውስ ከፍተን የተማሪዎቹን ስም ጠርተን እስክንጨርስ ድረስ አይነሣም። አማርኛ መጻፍና ሠንጠረዥ መሥራት ነው የምናስተምርባቸው። ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ስርዓት፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች የትኛውን ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ 1፦ መምህር፣ ከስርዓቱ ስም በፊት ራሙን ይመልከቱ። 4 ጊጋባይት ላላቸው ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይበቃቸዋል። ገጽታው ዊንዶውስን ስለሚመስል ልጆቹ አይደናገሩም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ 11 ደግሞ እነዚህን የመሰሉ አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም።

1 ጊጋባይት ላላቸው ለሁለቱ ግን ሚንትን አይሞክሩ፤ አንቲኤክስ የሚባለውን ቀላል ሊኑክስ ይጫኑ። ዝቅተኛ መስፈርቱ 512 ሜጋባይት ራም ሲሆን፣ 23ኛው እትሙ ለ32 ቢት (ለድሮው ዓይነት) ፕሮሰሰርም ተዘጋጅቷል። መልኩ አያምርም፤ እኔ ግን ማማሩን ሳይሆን መነሣቱን ነው የምፈልገው። የድሮ ጽሑፎች ለእንዲህ ያለ ማሽን ሉቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ይመክራሉ። አይመኑአቸው፤ ከ19.04 እትሙ ጀምሮ 32 ቢትን ትቷል።

ፐፒ ሊኑክስም አለ። ከፍላሽ ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ስለሚሠራ ከሁሉም ይፈጥናል። ለክፍል ግን አልመርጠውም፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ወደ ፍላሹ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይጠፋል። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ደብዳቤ አጥቼበታለሁ።

አማርኛውን አይርሱ። ኢባስ ኤም17ኤን የሚባለውን የመተየቢያ ፕሮግራም ጭነው «ሴራ» የሚለውን የአማርኛ አጻጻፍ ይምረጡ። ድምፁን በላቲን ፊደል ሲተይቡ ወደ ግዕዝ ይለውጠዋል፦ ኤስ (s) ብቻዋን «ስ» ትሆናለች፣ ኢ (e) ስትከተላት «ሰ»፣ ኤ (a) ስትከተላት «ሳ»። ጽሑፍና ሠንጠረዥ የሚሠራበት ሊብረኦፊስም ምናሌው በአማርኛ ተተርጉሟል፤ የቋንቋውን ጥቅል ለብቻ ይጫኑለት።

መልስ 2፦ ወንድሜ የጠቆመው መልካም ነው፤ ሁለት ነገር ግን ዘልሏል። ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጋራው የፊደል አሰያየም) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ፈተናዎች ካሉ ሊብረኦፊስ ላይ የተበላሸ ፊደል ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ዊንዶውሱን ከመደምሰስ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው፤ ቢያንስ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ሌላው፣ 4 ጊጋባይት ያላቸው ማሽኖች ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (በፈጣኑ የማከማቻ ዓይነት) መተካት ከየትኛውም ስርዓት ለውጥ በላይ ይሰማል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ መምህሩ የሚጠቀምበት ላይ ይሁን።

ማውረዱን በተመለከተ፣ ሚንት 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በሞባይል ጥቅል አትሞክሩት። ቢሮ ኢንተርኔት ያለው ወዳጅ አንድ ጊዜ ቢያወርደው ያው ፍላሽ ለአራቱም ይበቃል። ሳትጭኑትም ከፍላሹ አስነሥታችሁ ድምፁን፣ ስክሪኑንና ዋይፋዩን መፈተን ትችላላችሁ።

ጠያቂው፦ ዛሬ ከሰዓት አንዱን በፍላሽ አስነሣሁት። ድምፁ ይሠራል፣ ዋይፋዩ ግን አልታየም።

መልስ 1፦ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሩ ያጋሩት። ከዚያ ሚንት «ድራይቨር ማኔጀር» የሚለው ውስጥ የጎደለውን የዋይፋይ ማሠሪያ ፕሮግራም ይፈልግልዎታል። እዚያ ካልተገኘ የዋይፋይ ካርዱን ስም ይጻፉልኝ።