ጣራው የሚከፈት የ1994 ማርቸዲስ ለሁለተኛ መኪና፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ ምክር ፈልጌ ነው። ለሥራም ለቤተሰብም የምነዳት ኮሮላ አለችኝ፣ እሷን አልሸጥም። ሰሞኑን ግን አንድ መኪና እንቅልፍ ነስቶኛል። ማርቸዲስ ኤስኤል 320፣ በፈረንጅ የ1994 ሞዴል፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጣራው በማብሪያ ማጥፊያ የሚከፈት። ያለው ደሴ ነው። የሻጩ ታላቅ ወንድም ከውጭ ሲመለስ ያስገባው ነው፤ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ብዙም አልተነዳም፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞ አልፎ አልፎ እያስነሱ ያሞቁታል።

ሄጄ አየሁት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ድምፁ ልስልስ ያለ ነው። የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ጠርዙ ላይ ተሰነጣጥቋል፣ የጣራው የኋላ ፕላስቲክ መስኮት ደግሞ ቢጫ ሆኖ ወደ ውጭ አያሳይም። ጣራውን ክፈትልኝ ስለው "ባትሪው ደክሟል፣ ሌላ ቀን" አለኝ።

ለምን ፈለግከው ለምትሉኝ፣ ልጅ ሆኜ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ጣራው የተከፈተ መኪና ሲያልፍ አይቼ እስኪሰወር ድረስ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ ያ ቀን እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም። እሑድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር ሐይቅ ድረስ ሄደን፣ ዓሣችንን በልተን፣ ቀስ ብለን መመለስ ነው ምኞቴ። እሷ ግን "ሁለት ወንበር ያለው መኪና ለሁለት ልጆች እናት ምን ይሠራላታል?" ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ መልስ አላገኘሁላትም።

ሀረጎን፣ ያንን የኮምቦልቻና የደሴ ዳገት፣ ይወጣል ወይ? ክረምቱን እንዴት ይችለዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? የምታውቁ አፈር ስሆን ንገሩኝ።

ጋራዥ ቤት (ደሴ)

ወንድሜ፣ 26 ዓመት ደሴ ላይ መኪና ስፈታ ስገጥም ኖሬአለሁ፣ ከዚህ ዓይነቱ ሦስት በእጄ አልፏል። "ባትሪው ደክሟል" የምትለዋን አትቀበላት። ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ማገናኘት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ጣራው ዓይንህ እያየ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ አንድ ብር ቀብድ እንዳትሰጥ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ይህ ሞዴል በፈረንጅ ከ1989 እስከ 2001 የተሠራው ነው፣ ጣራውን የሚያነሳውና የሚቆልፈው ሃይድሮሊክ ነው። አንድ ፖምፓ አለ፣ ከእሱ በቀጫጭን ቱቦ ከአሥር በላይ ለሆኑ ትናንሽ ሲሊንደሮች ዘይት ይሄዳል። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያሉት ጎማዎች 30 ዓመት ሲሞላቸው ይበላሻሉ። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥና ቀና ብለህ ከፊት መስታወቱ በላይ፣ የጸሐይ መከላከያዋ የምትታጠፍበትን ቦታ በጣትህ ዳስሰው። ጣትህ ዘይት ይዞ ከተመለሰ የመቆለፊያዎቹ ሲሊንደሮች ማንጠባጠብ ጀምረዋል ማለት ነው፤ ዘይቱ ሲብስበት ጭንህ ላይ ይወርዳል። ያ ማለት መኪናው አይገዛም ማለት አይደለም። ሲሊንደሩ ተፈቶ ጎማው ብቻ ይቀየራል፣ ግን ዋጋው ላይ መቀነስ አለበት። ጤነኛ ጣራ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተከፍቶ ያልቃል። መሀል ላይ ከቆመ ወይ ዘይት አንሷል፣ ወይ ከመቆጣጠሪያዎቹ አንዱ ሞቷል።

ከጣራው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሽቦው ነው። በእነዚያ ዓመታት፣ ከ1992 እስከ 1995 አካባቢ የተሠሩ ማርቸዲሶች የሞተር ሽቦ ሽፋን ሙቀት አይችልም፣ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ያንተ 1994 ነው። ኮፈኑን ክፈትና አንዱን ሽቦ ከጥቅሉ ጫፍ ቀስ ብለህ እጠፈው። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ሙሉ የሞተር ሽቦው መቀየር አለበት፣ አለዚያ ዛሬ በሦስት ካንዴላ ይሠራል፣ ነገ ጭራሽ አይነሳም፣ ኤሌክትሪሻኑም በሽታውን ሲፈልግ ወር ይፈጃል። ሞተሩን ከኋላው ጥግ በባትሪ አብራና ደግሞ እይ፣ ይህ ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መሀል ያለው ማሸጊያ) ከዚያ በኩል ዘይት ማልቀስ ልማዱ ነው።

ሀረጎን ይወጣል፣ አታስብ። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሩቡ ሄደ በለው። ከ231 ፈረስ ጉልበት ሩቡ ቢሄድም ከኮሮላህ በብዙ ይበልጣል። ሙቀቱን ግን ተከታተል። ዳገቱን ስትወጣ መርፌዋ በ80 እና በ100 መሀል ብትዋልል አትደንግጥ፣ ከዚያ አልፋ ወደ ላይ ከቀጠለች ቁም፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይ ማራገቢያው አይዝም። ስትወርድ ማርሹን ቀንስ፣ ቆሞ የከረመ መኪና ፍሬን አይታመንም። ከወንበሮቹ ኋላ የተኛውንም ብረት ማብሪያ ማጥፊያውን ነክተህ ከፍ ዝቅ አድርገው፤ መኪናው ሊገለበጥ ሲል በ0.3 ሰከንድ ብድግ ብሎ ጭንቅላትህን የሚያተርፈው እሱ ነው። ባይሠራ ጣራ ከፍተህ ሀረጎን አትውረድ፣ በልጆችህ።

ከጦሳ ሥር

አብሽር ወንድሜ፣ ፍላጎትህን አትግደለው። እኔ 124 የሚባለውን ሞዴል ክፍት ማርቸዲስ አራት ዓመት ነድቻለሁ፤ እሱ ከ1991 እስከ 1997 የተሠራ ባለ አራት መቀመጫ ነው፣ ልጆቹ ከኋላ ይቀመጣሉ። ለባለቤትህ ጥያቄ መልሱ ምናልባት እዚያ ነው። ማግኘቱ ግን እጅግ ከባድ ነው፣ እኔ አንድ ዓመት ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

የደረሰብኝን ልንገርህ። አንድ ሐምሌ ላይ መኪናውን ላቫጆ ሰጥቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ልጁ ምን ያውቃል፣ የግፊት ውሃውን ሸራውና መስታወቱ የሚገጥሙበት ጎማ ላይ ለቆ አጠበው። ማታ ቤት ስደርስ ምንጣፉ በውሃ ተሞልቷል። ሳላደርቀው ሸፍኜ አቆምኩት፣ በሳምንቱ ከፍቼ ስገባ ሽታው በዝናብ ውሃ ከበሰበሰ ጭድ ይብሳል። ከምንጣፉ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ዝጎ መስኮቶቹ መውረድ አቆሙ። እሱን ለማስተካከል ያወጣሁትን ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ያመኛል። ስለዚህ በእጅህ እጠበው፣ በባልዲና በጨርቅ። ሸራው እርጥብ ሆኖ አታጥፈው፣ ይሻግታል። ውሃ የሚወርድባቸውን ቀዳዳዎች ሰኔ ከመግባቱ በፊት ፈትሻቸው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደፍኗቸው ነው የምታገኛቸው። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ የኋላው ፕላስቲክ ደግሞ ሲበርደው ይሰነጠቃል፤ ጸሐይ እስክታሞቀው ጠብቅ፣ ስታጥፈውም መሀሉ ፎጣ አስገባ።

መለዋወጫ የሞተሩ አያሳስብህም፣ ይሄው ሞተር በ124ቱም 140 በሚባለውም ሞዴል ስለገባ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። የጣራው ዕቃ ግን አዲስ አበባም ብትዞር የለም። ዱባይ ወይም ጅዳ ሰው አለህ? ወሎዬ ሆኖ እዚያ ዘመድ የሌለው መቼም የለም። የዕቃውን ቁጥር ጽፈህ ላክ፣ "የማርቸዲስ ጎማ" ብለህ ከላክህ ሌላ ነገር ይመጣልሃል። እኔ የገዛሁበትን ዋጋ ሲሶ ለጥገና ለብቻው አስቀምጬ ነበር፣ በሁለት ዓመት አለቀ። ቤንዚኑም አለ፣ ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ቢበላ አይግረምህ፣ ሰልፉን ታውቀዋለህ።

ለሰርግ አከራይቼ ወጪውን እሸፍናለሁ ካሰብክ ግን ተወው። ኮድ 2 ለግል የተሰጠ ታርጋ ነው፣ ተከራይቶ ሳለ ቢጋጭ ከኢንሹራንስ ጋር መከራህን ነው የምታየው።

ሊብሬ ይቅደም

ሁሉም ስለ መኪናው አወሩ፣ እኔ ስለ ወረቀቱ። ከውጭ ሲመለስ ያስገባው ከተባለ መጀመሪያ የምትጠይቀው ቀረጡ ተከፍሏል ወይስ ከቀረጥ ነጻ ነው የገባው የሚለውን ነው። ከቀረጥ ነጻ ከሆነ ስም ስታዞር ቀረጡ አንተ ላይ እንዳይወድቅ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) በዓይንህ እይ። ሊብሬው በወንድሙ ስም ከሆነ ደግሞ ውክልናው "መሸጥ" የሚለውን ቃል በግልጽ መያዝ አለበት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስህ ከሊብሬው ጋር አመሳክር፣ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህም የባንክ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ እንደሌለበት አጣራ።

ሻጩ በዋጋው ድርቅ ቢልም ብዙ አትፍረድበት። የ2012ቱ ኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው።

ጎማውንም እይ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ 2314 ካለ የ2014 23ኛ ሳምንት ማለት ነው፣ ግን በፈረንጅ። በእኛ 2014 መስሎት አዲስ ነው ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ጋራዥ ቤት፣ እንዳሉኝ ባትሪ ከኮሮላዬ አገናኝቼ አስከፈትኩት። ጣራው የሚታጠፍበት የኋላ ክዳን ተነሳ፣ ጣራው ግን ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። በእጅ አግዘን ነው የመለስነው። ከመስታወቱ በላይ ስዳስስ ጣቴ ዘይት ይዞ ተመለሰ፣ የጸሐይ መከላከያዋም ጠርዟ ላይ ክብ እድፍ አለባት። ሽቦውን ሳጥፈው ግን አልተሰነጠቀም፣ ሻጩን ስጠይቀው ወንድሙ ከማስገባቱ በፊት አስቀይሮት ነበር አለኝ፣ ደረሰኙንም አውጥቶ አሳየኝ። የእግር ጎማዎቹ ይቀየራሉ። ቀረጡ ተከፍሏል፣ ዲክላራሲዮኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ውክልናውም መሸጥ ይላል።

የጣራውን ነገር ሳነሳበት ሰውየው ሳይከራከር ዋጋውን ቀነሰልኝ። ባለቤቴን ይዤያት ሄጄ ነበር፣ ዝም ብላ ቆይታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና "ልጆቹን እናቴ ጋ እየተውን፣ በወር አንዴ ከሆነ" አለችኝ። ቀብድ ገና አልሰጠሁም። ቅዳሜ ጠዋት ጣራው እንደተዘጋ ከኮምቦልቻ ተነስተን ሀረጎን ወጥተን እንመለሳለን ተባብለናል። ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት አብረውን ቢሆኑ፣ መርፌዋን እርስዎ ያዩልን ነበር።