ቁርኣን ፍጡር ነው ወይስ አይደለም? ግራ ገብቶኛል

አሰላሙ ዓለይኩም። የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው። ከአጎቴ ልጅ ጋር ማሾ እየለቀምን ጨዋታ ተነሳና አፋጠጠኝ። እሱ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ነው፤ ክርክር ይወዳል። «ሱረቱ ዙኽሩፍ 43፥3 ላይ ‹ዐረብኛ ቁርኣን አደረግነው› ይላል። የተደረገ ነገር ደግሞ ፍጡር ነው» አለኝ። ዝም አልኩ።

ሙዕተዚላዎች (ቁርኣን ፍጡር ነው ይሉ የነበሩ የጥንት የእምነት ቡድን) ይህንኑ አንቀጽ ይጠቅሱ እንደነበር አውቃለሁ። ኸሊፋው መእሙን በ218 ዓመተ ሂጅራ ዑለማዎችን «ቁርኣን ፍጡር ነው በሉ» ብሎ አስገደደ። ኢማም አሕመድ እምቢ አሉ። መእሙንን በተካው በሙዕተሲም ዘመን ተገረፉ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

የተጣበቅኩት እዚህ ላይ ነው። አሽዐሪዎች (አንዱ የሱኒ የእምነት መንገድ ተከታዮች) በአላህ ዛት (በራሱ በአላህ ህላዌ) ያለው ቃል ቀዲም (መጀመሪያ የሌለው) ነው፣ የምናነበው ፊደልና ድምፅ ግን ፍጡር ነው ይላሉ። ሐንበሊዎች (የኢማም አሕመድ ተከታዮች) ደግሞ ፊደሉም ጭምር ፍጡር አይደለም ይላሉ። ታዲያ እኔ ማታ ቁጭ ብዬ የምቀራው የትኛው ነው? የኔ ድምፅማ ፍጡር መሆኑ ግልጽ ነው (ጉንፋን ሲይዘኝ ይዘጋል እኮ)።

ኪታብ የቀራችሁ ወንድም እህቶች፣ «አደረግነው» የሚለው እዚህ ጋ «ፈጠርነው» ማለት ነው ወይስ አይደለም? በሰዋስው አስረዱኝ። ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።