የሥራ አጥነት ምጣኔ እየቀነሰ የሠራተኛው ቁጥርም እንዴት ይቀንሳል? ለሰሜን ሸዋስ ወርሃዊ አኃዝ ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስሆን፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአሜሪካዋ ትንሽ ግዛት ቬርሞንት በየወሩ የምታወጣቸውን የሥራ ስምሪት መግለጫዎች እያነበብሁ ነው። በአንዳንድ ወራት የሥራ አጥነት ምጣኔው ዝቅ ይላል፤ በዚያው ወር ግን በሥራ ላይ ያሉት ሰዎች ቁጥርም ቀንሶ ይገኛል። ሥራ የያዘው ሰው ካነሰ ሥራ አጡ መብዛት አልነበረበትም?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ወደ አገራችን የሚመልሰን ነው። የቬርሞንት ሕዝብ 650 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ሰሜን ሸዋ ዞን ግን ገና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። እኛ ዘንድ «ለይህን ያህል ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ሪፖርት እንሰማለን፤ በሥራ ላይ ያለው ሰው ካለፈው ወር በዛ ወይስ አነሰ ለሚለው ግን መልስ አናገኝም። ዞኑ የራሱን ወርሃዊ አኃዝ ለማውጣት ምን ይጎድለዋል?

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ጥያቄ በቀላል ስሌት ይፈታል። ምጣኔው የሚሰላው ከጠቅላላው ሕዝብ ሳይሆን ከሥራ ኃይሉ፣ ማለትም ከሚሠሩትና ሥራ ከሚፈልጉት ድምር ነው። 950 ሰዎች ቢሠሩና 50 ቢፈልጉ ምጣኔው 5 በመቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ከሠራተኞቹ 10ሩ በጡረታ ቢገለሉና ከሥራ ፈላጊዎቹ 20ው ተስፋ ቆርጠው ፍለጋውን ቢያቆሙ፣ የሚሠሩት 940፣ የሚፈልጉት 30 ይሆኑና ምጣኔው ወደ 3.1 በመቶ ይወርዳል። አንድም ሰው አዲስ ሥራ አላገኘም። ቬርሞንት በዕድሜ የገፋ ሕዝብ ከሚበዛባቸው ግዛቶች አንዷ በመሆኗ በጡረታ ከሥራ ኃይሉ የሚወጣው ሰው እዚያ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የሥራ ኃይል ተሳትፎ ምጣኔውን፣ ማለትም ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ውስጥ የሥራ ኃይሉን ድርሻ፣ አብረው ሳያዩ የሥራ አጥነቱን ቁጥር ለብቻው አይጥቀሱ።

የሥራ ዕድል ሪፖርቱን በተመለከተ፣ እሱ የሚነግረን የገባውን ሰው እንጂ የወጣውን አይደለም። በአንድ ፋብሪካ 200 ሰው ተቀጥሮ በሌላው 250 ሰው ቢለቅ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው 200 ነው። ሪፖርቱ ለራሱ ዓላማ ይጠቅም ይሆናል፤ የሥራ ስምሪት መለኪያ ሊሆን ግን አይችልም።

ምላሽ 2

እኔ በሥራ ኃይል ጥናት ላይ በመረጃ ሰብሳቢነት ሠርቻለሁ፤ ችግሩ ከስሌቱ በፊት በጥያቄው እንደሚጀምር ያየሁት ያኔ ነው። መንዝ ውስጥ አንዲትን እናት «ሥራ አለዎት ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው «ኧረ የለኝም ልጄ፣ ቤቴ ነኝ» ይላሉ። ባለፉት ሰባት ቀናት ያደረጉትን አንድ በአንድ ስንጠይቅ ግን ሱፍ ፈትለው ለባና ሠሪ ሸጠዋል፣ ለገበያ እንቁላል አውጥተዋል፣ የበጎቹንም ጥበቃ ከልጆቻቸው ጋር ተከፋፍለዋል። በዓለም አቀፉ መለኪያ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል።

በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የከተማው ሥራ አጥነት 18.7 በመቶ ሆኖ ሳለ የገጠሩ 5.2 በመቶ ብቻ የሆነበት ዋና ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ገጠር ሥራ ሞልቶ አይደለም፤ ገበሬው ልጁን ከእርሻው ስለማያባርር ሥራ አጥነቱ በትርፍ ጉልበት መልክ ቤት ውስጥ ይደበቃል። ለዞናችን አኃዝ ከወጣ የሥራ ሰዓትና የገቢ ማነስም አብረው ይለኩ እላለሁ፤ ይህ ካልሆነ ገጠሩ ያለ ችግር ይመስላል።

ምላሽ 3

በየወሩ በናሙና ጥናት እንለካ ብንል ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛው የናሙናው ማነስ ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ ከሥራ ኃይሉ 400 ሰው ብንጠይቅና 10 በመቶው ሥራ አጥ ቢሆን፣ እውነተኛው ምጣኔ ከ7 እስከ 13 በመቶ ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ታዲያ በሚቀጥለው ወር 9 በመቶ ብናገኝ ምን ተለወጠ እንላለን? አሜሪካ በአገር ደረጃ በየወሩ ወደ 60 ሺህ ቤተሰብ ብትጠይቅም፣ ለአንዲት ትንሽ ግዛት የሚደርሰው ናሙና ስለማይበቃ ምጣኔው ከደመወዝ መዝገብና ከሥራ አጥ መድን (ሥራውን ላጣ ሰው ለጊዜው ገንዘብ የሚከፍል ዋስትና) አመልካቾች ቁጥር ጋር ተጣምሮ በሞዴል ይሰላል፤ በየዓመቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ይታረማል። እኛ የሥራ አጥ መድን ስለሌለን ያ ምንጭ የለንም።

ሌላው እንቅፋት ወቅት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምንጃር ጤፍ ሲያጭድ የቀን ሠራተኛ ይጠፋል፤ የመኸሩ ሥራ ሲያልቅ ያው ሰው ደብረ ብርሃን የግንባታ ቦታ ላይ ቆሞ ይገኛል። በልግ የሚያበቅለው ደጋ ደግሞ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። የወቅቱን ተጽዕኖ ለይቶ ለማውጣት የበርካታ ዓመታት ተከታታይ መረጃ ስለሚያስፈልግ፣ እስከዚያው ኅዳርን ከጥቅምት ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ኅዳር ጋር ማነጻጸሩ ይሻላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ናሙናው የማይቻል ከሆነ፣ አሁን በእጃችን ካለ መዝገብ ልንነሣ አንችልም?

ምላሽ 4

ይቻላል፤ በከፊል። የግል ድርጅት አሠሪ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከራሱ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በየወሩ ከነስም ዝርዝሩ ገቢ ያደርጋል። የስም ዝርዝሩ ሳይነካ የሠራተኞቹ ቁጥር ብቻ በወረዳና በዘርፍ ቢደመር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካውና የቢራ ፋብሪካዎቹ ስንት ሰው ይዘው እንደሚቀጥሉ በየወሩ ማየት ይቻላል። የገባውን ብቻ ሳይሆን የወጣውንም ያሳያል፤ ናሙናም አይጠይቅም።

ነገር ግን መዝገቡ ገበሬውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ አረቄ አውጥታ የምትሸጠውንም ሴት አያውቃቸውም። ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ የሆኑ ድርጅቶችም መዋጮውን እዚያው የሚከፍሉ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ሠራተኛቸው በዞኑ ቁጥር ውስጥ አይገባም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የጽሑፌን ርዕስ «በደብረ ብርሃን ከተማ በመደበኛ ቅጥር ላይ ያለ የሠራተኛ ቁጥር» ብዬ አጠብበውና፣ ከሁሉ በፊት ቅርንጫፎቹ መዋጮውን የት እንደሚከፍሉ አጣርቼ እነሣ ነበር።