«ፈውሱ ደጃፍ ላይ ነው» የሚለውን ዜና ያጋራችሁ፣ እስቲ መልሱ

ሴል ቆጣሪ፦ «አንቲቦዲ በኤችአይቪ የተያዙ ሴሎችን ይገድላል፤ ፈውሱ ደጃፍ ላይ ነው» የሚል ዜና ከትናንት ጀምሮ ስትቀባበሉ አየሁ። ኧረ ተዉ! አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረስን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ብቻውን ሴል አይገድልም። ሴሉ ላይ የወጣውን የቫይረሱን ኤንቨሎፕ (የውጪ ሽፋኑን ፕሮቲን) ይይዛል፣ በጭራው በኩል ደግሞ ኤንኬ ሴል የሚባለው የበሽታ መከላከያ ሴል ሲዲ16 በተባለ መያዣው ይይዘዋል። ገዳዩ ኤንኬው ነው።

ማሂ፦ ሴሉ ሞተ አይደል? ምን ያንጨረጭርሃል?

ሴል ቆጣሪ፦ «ደጃፍ» የሚለው ነዋ! የቱ ደጃፍ? ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንቲቦዲ አለው፤ ምርመራው የሚፈልገውም እሱኑ ነው። ታዲያ ማን ዳነበት?

አልሞት ባይ፦ ቫይረሱ ሞኝ አይደለማ። ኔፍና ቪፒዩ የሚባሉት ፕሮቲኖቹ ኤንቨሎፑን የሚከፍተውን ሲዲ4 የተባለ የሴሉን ፕሮቲን ከሴሉ ገጽ ያነሱታል። ያኔ ኤንቨሎፑ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ብዙው አንቲቦዲ የሚይዘው ቦታ ያጣል።

ማሂ፦ እሰይ! ችግሩ መክፈቻ ማጣት ነዋ። በ2009 ውጤቱ የወጣው የታይላንዱ ክትባት ከ16 ሺህ በላይ ሰው ላይ ተሞክሮ 31 በመቶ ገደማ ተከላክሏል። ቫይረሱን የማምከን አቅሙ እዚህ ግባ አይባልም ነበር፤ የረዳው ይኸው ሴል ማስገደሉ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል።

ሴል ቆጣሪ፦ «ሳይሆን አይቀርም»! ተሻሽሎ ደቡብ አፍሪካ ሲሞከርስ? በ2020 አልሠራም ተብሎ ቆመ። ደጃፉን ማን ዘጋው?

አልሞት ባይ፦ ክትባቱ ላልተያዘ ሰው ነው፤ ወሬው ስለ ፈውስ ነበር። ሁለታችሁም አደባለቃችሁት።

ቁምነገር፦ እኔን የሚያስፈራኝ ይህን አንብቦ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ነው።

አልሞት ባይ፦ መድኃኒቱን በየቀኑ የምውጠው እኔ ነኝ ወንድሜ። ዜና አይቼ አልጥለውም። እንደ ሕፃን አትዩን!

ቁምነገር፦ አንተን መቼ አልኩ?

አልሞት ባይ፦ ታዲያ ማንን ነው?

ሴል ቆጣሪ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ቫይረሱ ተደብቆ የተኛበት ሴል ኤንቨሎፕ አያወጣም። አንቲቦዲው ምኑን ሊይዝ ነው?

ማሂ፦ መጀመሪያ በመድኃኒት ይቀሰቀሳላ! ከዚያ አንቲቦዲ ይጨመርበታል።

ሴል ቆጣሪ፦ ሮሚዴፕሲን የተባለው ቀስቃሽ መድኃኒት 3ቢኤንሲ117 ከተባለው አንቲቦዲ ጋር ተሞክሯል እኮ። ፈውስ አልመጣም። መጀመሪያ አንብቢ።

ማሂ፦ «አንብቢ» አትበለኝ። አንድ ጥምረት ስላልበቃ ሁሉም ከሸፈ ማለት ነው?

ቁምነገር፦ ማሂ እውነቷን ነው፤ አነጋገርህን አስተካክል።

ሴል ቆጣሪ፦ አንተ ደግሞ የማን ጠበቃ ነህ?