የናይሮቢ ሽቦ አልባ ጣቢያ ፈቃድ ሰጪው ማን ነበር? እርዱኝ እስቲ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሑፌ ላይ ተቀርቅሬ ቀርቻለሁ፤ መንገድ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብሪታኒያው የ1904 የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ (መልእክት በሬዲዮ ሞገድ የሚላክበት ዘዴ) ሕግ ግልጽ ነበር። ከፖስታ ሚኒስትሩ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ጣቢያ ማቋቋም አይችልም ነበር፣ በብሪታኒያ መርከብ ላይም ቢሆን። ቅኝ ግዛት ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የሚወሳሰብብኝ።

በ1912 የብሪታኒያ መንግሥት ከሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ድርጅቱ ከማርኮኒ ኩባንያ ጋር የተዋዋለበትን የጣቢያዎች ሰንሰለት ታውቁታላችሁ፤ እንግሊዝ፣ ግብፅ፣ ናይሮቢ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድ፣ ሲንጋፖር። ኩባንያው ለአንድ ጣቢያ 60,000 ፓውንድ ይከፈለዋል፣ ከጠቅላላ ገቢው ደግሞ 10 በመቶ ይወስዳል፣ ጣቢያዎቹ ግን የመንግሥት ንብረት ናቸው። ታዲያ ባለቤቱ መንግሥት ከሆነ ናይሮቢ ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር ያስፈልግ ነበር ወይስ ውሉ ብቻ ይበቃል? አንድ የግል ድርጅት የራሱን ጣቢያ ልትከል ቢል ማመልከቻውን የሚያስገባው ለገዥው ነው ወይስ ለንደን? በ1906 የበርሊን ዓለም አቀፍ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ስምምነት የባሕር ዳርቻና የመርከብ ጣቢያዎች መሣሪያቸው የማንም ሥሪት ይሁን መልእክት እንዲቀባበሉ ግዴታ ተጥሏል፤ ይህን ግዴታ ፈቃዱ ውስጥ የሚያስገባው ማን እንደሆነም ግራ ገብቶኛል።

ለንደን ኪው በሚገኘው የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤቱን የኬንያ ደብዳቤዎች የያዘውን ሲኦ 533 (CO 533) የተባለ የሰነድ ስብስብ ያገላበጠ ካለ ከየትኛው ዓመት ጥራዝ ልጀምር? ለንደን መሄድ አልችልም፤ ከፍዬ ነው የማስቀዳው፣ ስለዚህ በዘፈቀደ ማዘዝ ኪሴን ያራቁተዋል።